በባዕድ ከተማ ስለ መኖር

ሰው ከተወለደበት ቀዬ ወጥቶ ወደማያውቀው ከተማ በገባ ጊዜ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው የሚያድርበት ቤትና የሚበላው እንጀራ ነው። እነዚህ ሁለቱ በእግዚአብሔር ቸርነት ከተገኙለት በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ በልቡ ይነሣል፤ ይኸውም፥ «በዚህ አገር የምኖረው እንደ መንገደኛ ነውን? ወይስ እንደ ባለቤት?» የሚል ነው። ነገሩ የኑሮ ጥያቄ ይመስላል እንጂ በእውነቱ የሃይማኖትና የሕሊና ጥያቄ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን እንደ ዐቅማችን ልንመረምረው አስበናል።

ይህ ጉዳይ ለቆሰበር ሰው ሩቅ አይደለም። ቆሰበር፥ በሌላው ስሟ እንጅባራ፥ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ በእርሷ ያልፋል፤ ወደ ቻግኒና ወደ መተከል የሚወርደውም ከእርሷ ይነሣል። በመንገድ ዳር ያደገ ልጅ የሚመጣውንና የሚሄደውን እያየ ስለሚያድግ መሄድ አያስፈራውም። ዛሬ ከከተማይቱና በዙሪያዋ ካለው ገጠር ወጥተው በአዲስ አበባ፥ በዐረብ አገሮች፥ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ልጆቻችን ብዙዎች ናቸው። የንስሐ አባቶቻቸውም ከሩቅ አገር በስልክ ይጠየቃሉ፤ «አባቴ፥ በዚህ አገር ቤት ልሥራን? ልጆቼን በማን ቋንቋ ላሳድጋቸው? በእሑድ ቀን ሥራ ቢያዝዙኝ ምን ላድርግ?» ይባላሉ። ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ አንድን ሰው ብቻ ሳይሆን ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን ስለሚነካ፥ በችኰላ ሊመለስ አይገባውም።

በዚህ ነገር በሕዝባችን መካከል ሁለት አሳቦች ይሰማሉ። አንደኛው ወገን፥ «ባዕድ አገር ባዕድ ነው፤ እጅህ ይሥራበት እንጂ ልብህን አትጣልበት፤ የለመድኸው ቀን አገርህን ከድተሃል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ «በሄድህበት አገር እንደ አገሩ ሁን፤ የኋላውን እያሰብህ ኑሮህን አታበላሽ» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ብቻቸውን ቢወሰዱ ሰውን ይጎዳሉ።

ቅዱስ መጽሐፍ ስለዚሁ ነገር የሚናገርባቸው ሁለት ታላላቅ ስፍራዎች አሉ። የመጀመሪያው መዝሙር 136 ነው። በዚያ የተማረኩት እስራኤል በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠው ጽዮንን እያሰቡ ሲያለቅሱ፥ መሰንቆአቸውንም ሰቅለው በባዕድ ምድር መዘመር እንደ ምን እንደሚቻላቸው ሲጠይቁ እናያለን። ሁለተኛው ነቢዩ ኤርምያስ ለነዚሁ ምርኮኞች የላከው ደብዳቤ ነው፤ እርሱም በትንቢቱ በምዕራፍ 29 ይገኛል። ነቢዩ በዚያ ደብዳቤ ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ፥ አትክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ፥ አግብተው እንዲወልዱ፥ ከዚህም ሁሉ በላይ ለተማረኩባት ለዚያች ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ በእግዚአብሔር ስም አዘዛቸው።

ላይ ላዩን ላነበበው ሰው መዝሙሩና ደብዳቤው የሚጣሉ ይመስሉታል። ነገር ግን አይጣሉም። ያለቀሰውም ቤት የሠራውም ያው አንድ ሕዝብ ነውና። ጽዮንን ማሰብ እጅን አላሰረም፤ አትክልት መትከልም ጽዮንን አላስረሳም። የሚያሳዝነው ሁለቱን የሚለያያቸው ሰው ነው።

ይህን በሚገባ ለመረዳት ከደብዳቤው በፊት ያለውን ምዕራፍ 28ን ማንበብ ያስፈልጋል። በዚያ ሐናንያ የሚባል ሐሰተኛ ነቢይ በሕዝቡ ፊት ተነሥቶ፥ በሁለት ዓመት ውስጥ የባቢሎን ቀንበር ተሰብሮ ምርኮኞቹ ሁሉ እንደሚመለሱ ተናገረ። ይህ ቃል ለጆሮ እንዴት የጣመ ነበር! ኤርምያስ ግን ዘመኑ ሰባ ዓመት መሆኑን አስታወቀ። ሰባ ዓመት የአንድ ሰው ዕድሜ ነው። ሐናንያን ያመነ ሰው ቤት አይሠራም፥ አይተክልም፥ አያገባም፤ ዕቃውን እንዳሰረ ይቀመጣል። ኤርምያስን ያመነ ግን ተስፋውን ሳይጥል የዛሬውን ቀን ይኖራል።

የሐናንያ ቃል ዛሬም በብዙ ስደተኛ ልብ ይሰማል። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ ከቆሰበር የወጣ ወጣት ስንት ነው? አሳቡ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ብዙዎችም እንዳሉት ሠርተው ተመልሰዋል። ክፉው ነገር የሚመጣው ሁለቱ ዓመት አልፎ ዐሥር ከሆነ በኋላም ሰውዬው እንደ መጀመሪያው ሳምንት ሲኖር ነው። ከሥራው ቃላት በቀር የአገሩን ቋንቋ አይማርም፤ የጎረቤቱን ስም አያውቅም፤ ቢታመም ሕክምናውን፥ ቢያጭም ጋብቻውን «አገሬ ስገባ» እያለ ያቈየዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጾሙንም፥ ኑዛዜውንም፥ ሥጋ ወደሙንም ለዚያው ቀን ማቈየቱ ነው። «ንስሐ የምገባው አገሬ ገብቼ፥ ባደግሁበት ደብር ነው» ይላል። እስከዚያው ድረስ ያለው ዘመን እንደማይቈጠር ያህል ይኖራል።

ነገር ግን የማይቈጠር ዘመን የለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተነገረለት ባለጠጋ ለብዙ ዓመት የሚበቃ እህል አከማችቶ ሳለ፥ ነፍሱ የተፈለገችው በዚያችው ሌሊት ነው። እግዚአብሔር የሚጠይቀን ልንኖርበት ባሰብነው ስፍራ ስላደረግነው ሳይሆን በኖርንበት ስፍራ ስላደረግነው ነው። ባልንጀራህን ውደድ የሚለው ትእዛዝም ባልንጀራውን በተወለደበት መንደር ብቻ አልወሰነውም። ደጉ ሳምራዊ ራሱ በሰው አገር መንገድ ላይ የነበረ እንግዳ ነው። «እኔ አላፊ ነኝ፥ ይህ የአገሩ ሰዎች ጉዳይ ነው» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ያለፉት ግን ካህኑና ሌዋዊው ነበሩ። እንግዲህ እንግዳ መሆን ከፍቅር ሥራ ነጻ አያወጣም።

ከዚህ በተቃራኒ ያለው ስሕተት የሁለተኛው ወገን ስሕተት ነው። እርሱ አዲሱን አገር ለመልበስ ሲል አሮጌውን እንደ ጨርቅ አውልቆ ይጥላል። በክርስትና የተሰጠው ስም ያሳፍረዋል፤ ማዕተቡን ከአንገቱ ይበጥሳል፤ እናቱ ስትደውልለት ለመመለስ ይሰለቻል። ዔሳው ብኵርናውን በምስር ወጥ ሲሸጥ ርቦት ነበር፤ ይህኛው ግን ሳይርበው ይሸጣል። ደግሞም እንዲህ ያለው ሰው ለአዲሱ አገሩም አይጠቅምም፤ ባዶ እጁን መጥቷልና የሚሰጠው ነገር የለውም።

ታዲያ የቱን እንለውጥ፥ የቱንስ እንጠብቅ? በዚህ ረገድ ነቢዩ ዳንኤል መምህራችን ሊሆን ይችላል። ዳንኤል በባቢሎን የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ተምሯል፤ ብልጣሶር የሚባል የባዕድ ስም ሲያወጡለት ታግሷል፤ የባዕዳን ነገሥታትን ሥራም በታማኝነት ሠርቷል። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን አልለወጠም። አንደኛው ማዕዱ ነው፤ ከንጉሡ መብልና ጠጅ ይልቅ ጥራጥሬና ውኃ መርጧል። ሁለተኛው ጸሎቱ ነው፤ በኢየሩሳሌም አንጻር የተከፈተውን መስኮት በሞት ቢያስፈራሩትም አልዘጋውም። በየቀኑ ሦስት ጊዜ በዚያ መስኮት ፊት ይንበረከክ ነበር። እንግዲህ ቋንቋ፥ ልብስ፥ የሥራ ዐይነትና የሥራ ሰዓት የሚለወጡ ናቸው፤ ጾም፥ ጸሎትና እውነት ግን የማይለወጡ ናቸው። ይህን ድንበር አስቀድሞ በልቡ ያሰመረ ሰው በየቀኑ አይናወጥም።

ይህ ድንበር የሚፈተነው በታላላቅ ነገሮች ሳይሆን በዕለት ኑሮ ነው። ለምሳሌ የጌታችን የልደት በዓል በኛ ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ ምዕራባውያን ከኛ በ13 ቀን ቀድመው ስለሚያከብሩት በነርሱ ከተማ ያን ቀን የሥራ ቀን ነው። ክርስቲያኑ «ምን ላድርግ፥ አገሩ አይደለም» ብሎ ይተወዋልን? አይደለም፤ ከዓመት ዕረፍቱ ላይ አንድ ቀን አስቀድሞ ሊያስፈቅድ ይችላል፤ ይህም ባይሆንለት ሌሊቱን በማኅሌትና በቅዳሴ አድሮ ወደ ሥራው ሊሄድ ይችላል። የሥራ ባልንጀሮቹ በረቡዕ ወይም በዓርብ ቀን ለምሳ ቢጋብዙት «ሆዴን አሞኛል» ማለት አይገባውም፤ «ዛሬ ጾሜ ነው» ቢል ውሸትንም ይሸሻል፥ ሃይማኖቱንም ያስታውቃል። በሕመምተኞች ቤት ወይም በሌላ ዕረፍት በሌለው ሥራ ተቀጥሮ በእሑድ ተራ ቢደርሰው ግን፥ በሽተኛን መርዳት በሰንበት የተከለከለ ሥራ እንዳልሆነ ጌታችን ራሱ አሳይቷል። እንዲህ ያለውን ከንስሐ አባቱ ጋር ይመክርበታል እንጂ በራሱ ፈቃድ ብቻ አይወስነውም።

ለዚህ ነገር ምስክር ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ በባዕድ አገር ተቀምጠው በሠሩ እንግዶች ድካም አብባለች። በ4ኛው መቶ ዘመን ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተባሉ ሁለት የጢሮስ ልጆች በጉዞ ላይ ሳሉ ተማርከው ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ገቡ። ፍሬምናጦስ በዚያ ሥልጣን ባገኘ ጊዜ፥ ለንግድ የመጡትን ክርስቲያኖች ፈልጎ የጸሎት ስፍራ እንዲያዘጋጁ አደረገ። ይህን ልብ እንበል፤ የባዕድ ከተማ ኑሮ መጀመሪያ የጸሎት ስፍራን መፈለግ ነው። በኋላ ለመመለስ ነጻነት ባገኙ ጊዜ ኤዴስዮስ ወደ ወላጆቹ ወደ ጢሮስ ሄደ፤ ፍሬምናጦስ ግን እስክንድርያ ወርዶ ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ ወደ እንግድነት አገሩ ተመለሰ። እርሱንም እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እንለዋለን። የተመለሰው አልተነቀፈም፤ የቀረውም አገሩን ከድቷል አልተባለም። መመለስም መቅረትም የሚመዘነው በእግርህ መሄድና አለመሄድ ሳይሆን፥ በሄድህበት ወይም በቀረህበት ስፍራ ለእግዚአብሔር በሠራኸው ሥራ መሆኑን ከነዚህ ሁለት ወንድማማቾች እንማራለን። ከነርሱም በኋላ ከሮም ግዛት የመጡት ዘጠኙ ቅዱሳን ግዕዝን ተምረው መጻሕፍትን ተርጕመውልናል፥ ገዳማትንም ተክለውልናል። ቋንቋችንን «የባዕድ ነው» ብለው ቢንቁት ኖሮ ምን በቀረብን ነበር!

ከኛም ወገን ወደ ውጭ ወጥተው እንዲህ የኖሩ አሉ። ከደብረ ሊባኖስ ወጥተው በኢየሩሳሌም በኩል ሮም የገቡት አባ ተስፋ ጽዮን በዚያ ከተማ ጴጥሮስ በሚባል ሌላ ስም ይታወቁ ነበር፤ ከሊቃውንቱም ጋር በቋንቋቸው ይነጋገሩ ነበር። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1548 እና በ1549 በግዕዝ የተጻፈውን ሐዲስ ኪዳን በማተሚያ ቤት አሳትመዋል። በኢየሩሳሌም በዴር ሡልጣን ያሉት መነኮሳት አባቶቻችን በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ በጠባብ ጎጆዎች ሲኖሩ ስንት ትውልድ አልፏል! በዚያችው ከተማ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትም ለእንግዳ አገር የተሠራ የድንጋይ ምስክር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1928 ዓ.ም. ከጠላት ወረራ የተነሣ ተሰደው በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በኖሩ ጊዜ የአገራቸውን ጉዳይ አልተዉም፤ ከድል በኋላም የኖሩበትን ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ለከተማው አረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ሰጥተውታል። ያስጠለለችን ከተማ ከኛ መልካም ነገር ልታገኝ ይገባታልና።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የልጆች ነገር ነው። ወላጆች በተስፋና በትዝታ መካከል ሲኖሩ፥ ልጆቹ የሚኖሩት በዚያው በተወለዱበት ከተማ ነው። ለነርሱ ባዕድ የሆነው ወላጆቻቸው አገር የሚሉት ነው። «ስንመለስ እናስተምራቸዋለን» እያሉ ቋንቋውንም ሃይማኖቱንም የሚያቈዩ ወላጆች፥ ልጃቸው ካደገ በኋላ በቅዳሴ መካከል እንደ እንግዳ ሰው ቆሞ ያገኙታል። «ሁለት ቋንቋ ልጁን ያደናግረዋል» የሚሉም አሉ። ለነዚህ የኛ የአዊ ሕፃናት መልስ ይሰጡአቸዋል። በቆሰበር ዙሪያ ያለ ልጅ በቤቱ አገውኛ ይናገራል፥ በገበያ አማርኛ ይሰማል፥ በቤተ ክርስቲያን ግዕዝ ያዳምጣል፤ አንዱ ሌላውን ከልቡ አላባረረበትም። ቋንቋ የሚጠፋው ሌላ ቋንቋ ስለ ገባ አይደለም፤ እናትና አባት በማዕድ ዙሪያ መናገሩን ስለ ተዉት ነው።

ዮሴፍም በዚህ ይመሰገናል። በግብፅ ተሾመ፥ በግብፅ አገባ፥ በግብፅ ወለደ፤ ሕዝቡንም ከረኃብ አዳነ። ነገር ግን ልጆቹን ምናሴና ኤፍሬም ብሎ በአባቶቹ ቋንቋ ሰየማቸው፤ በአንዱ ስም እግዚአብሔር ድካሙን እንዳስረሳው፥ በሌላው ስም በመከራው ምድር እንዳፈራው መሰከረ። በሚሞትበትም ጊዜ ዐፅሙን ይዘው እንዲወጡ ወንድሞቹን አማለ። አብርሃም በበኩሉ በእንግድነት አገሩ ለሣራ መቃብር በ400 ሰቅል ብር ገዝቶ በዚያው ቀበራት። ስለዚህ «ሬሳዬ አገሬ ይግባ» ማለትም፥ በኖሩበት አገር መቀበርም ሁለቱም የአባቶች መንገድ ነው። ድኻ ቤተ ሰብን ለሬሳ ማጓጓዣ በዕዳ መዝፈቅ ግን ከአባቶች አልተማርነውም። በውጭ ያሉ ወገኖቻችን እድር ማቋቋማቸው መልካም ያደርጋሉ።

እስካሁን የተናገርነው ለሄዱት ነው፤ በቆሰበር ለቀረነውም የሚነገር አለ። ልጁ በውጭ አገር ያለለት ሰው ብዙ ጊዜ «ምን ላከልህ?» ተብሎ ይጠየቃል እንጂ «ቆርቧልን? የንስሐ አባት አግኝቷልን?» ተብሎ አይጠየቅም። ገንዘብ ብቻ የሚጠየቅ ልጅ ችግሩን ይደብቃል። ሥራ ባጣበት ወር ተበድሮ ይልካል፤ ወላጆቹም በሰው ዕዳ በዓል ያከብራሉ። እንዲህ ያለው ፍቅር በውሸት የታጠረ ነው። አባትና እናትን ማክበር የታዘዘ ነው፤ ነገር ግን ወላጅም ልጁን «ስለ ገንዘቡ አትጨነቅ፥ እውነቱን ንገረኝ» ሊለው ይገባል። ይህች አንዲት ቃል በሩቅ ከተማ ያለውን ልጅ ከብዙ ኃጢአት ልታድነው ትችላለች።

ከዚህም ጋር እንግዳ የሚመጣበት ቤት የኛም ቤት መሆኑን አንርሳ። ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ወጣቶች በቆሰበር ብርድ ይማራሉ። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ወገኖች በአጎራባቻችን በቻግኒ በራንች መጠለያ መጠጋታቸውን አይተናል። ልጃችን በሩቅ ከተማ የሚያከብረው ጎረቤት እንዲያገኝ የምንጸልይ ሁሉ፥ እኛስ በደጃችን ላለው እንግዳ ምን ጎረቤት ሆንን? በአባቶች አፍ እንደሚነገረው ሰባት ቤት አገው የሚባሉት አያቶቻችን ራሳቸው ከወደ ላስታ መጥተው በዚህ ምድር የሰፈሩ ናቸው፤ ስማቸውም የምድሩ ስም ሆኖ ቀርቷል። ባንጃ፥ አንከሻ፥ ዚገም ስንል የእንግዶችን ስም እየጠራን ነው። እኛ ዛሬ አገሬ ብለን የምንምልበት መሬት ለነርሱ አንድ ቀን ባዕድ አገር ነበረ። ተክለውበት፥ ጸልየውበት፥ ተቀብረውበት ነው አገር የሆነልን።

በመጨረሻም አንድ ሰው፥ «ክርስቲያን አገሩ በሰማይ ነው ከተባለ፥ በየትም ቢኖር ምን ልዩነት አለው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ሐዋርያው በዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ 11 አባቶች በምድር ላይ እንግዶችና መጻተኞች መሆናቸውን እንደ ታመኑ በእርግጥ ይመሰክራል። ነገር ግን ይህ ትምህርት ለስንፍና ምክንያት አይሆንም። አንድ ሌሊት የሚያድር መንገደኛ እንኳ ያደረበትን ቤት ጠርጎ ምስጋና አቅርቦ ይሄዳል። ሁላችንም በዚህ ዓለም መጻተኞች ከሆንን፥ በውጭ የሚኖረው ወንድማችንና በቆሰበር የተቀመጥነው እኛ ልዩነታችን ጥቂት ነው፤ እርሱ መጻተኛ መሆኑን በየቀኑ ያስታውሰዋል፥ እኛ ግን እንረሳዋለን።

በየዓመቱ በወርኃ ጽጌ የእመቤታችንን ከልጇ ጋር መሰደድ እናስባለን፤ ኅዳር 6 ቀንም ቁስቋምን እናከብራለን። የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደሚያስተምረን ሦስት ዓመት ከመንፈቅ በስደት ኖረዋል። ያ ዘመን ሲጠባበቁ ብቻ ያለፈ ከንቱ ዘመን አልነበረም፤ እመቤታችን ልጇን ያሳደገችበት፥ አረጋዊው ዮሴፍም ያገለገለበት ዘመን ነው። ተመለሱ ባላቸው ጊዜም ተመለሱ፤ እስኪላቸው ድረስ ግን በነበሩበት ኖሩ። እንግዲህ በባዕድ ከተማ ያላችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ የተመለሳችሁበትን ቀን ተስፋ አድርጉ፤ ዕቃችሁን ግን ፍቱ። ቤተ ክርስቲያናችሁን ፈልጉ፥ የንስሐ አባት ያዙ፥ የጎረቤታችሁን ስም ዕወቁ፥ ለከተማይቱም ጸልዩ።

በግብፅ ምድር እንግዳ የሆነ አምላካችን በየአገሩ ያሉትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ እኛንም እንግዳ ተቀባይ ያድርገን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።